«ገደላችሁ?»

እኔና የ15 ዓመት ልጄ የቀስት አደን መማር ከጀመርን ወዲህ ሰላምታ ተነፍጎናል። ቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ «እንዴት ከረማችሁ?» ማለቱን ትቷል። ክርስትና ላይም ይሁን እንጀራ መሸጫው በር ላይ፣ ከሩቅ ሲያየን ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ገደላችሁ?»

ሰሞኑን የባሰ መጣ። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ፣ አንድ ጋሼ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ በዚያ በሚያስተጋባ ድምፃቸው «እህሳ፣ ገደላችሁ?» አሉኝ። ቀብሩ ከተፈጸመ ገና ማግስቱ ነው። ሐዘንተኛዋ ቀና ብላ አየችን። የማያውቁን የሟች ዘመዶችም አዩን። «አጋዘን ነው፣ አጋዘን!» እያልኩ ለሳሎኑ ሁሉ ማስረዳት ሆነ ሥራዬ። ጋሼ ምናቸው ሞኝ! «እስካሁን አልገደላችሁም? ታዲያ ጫካ ምን ትሠራላችሁ?» ብለው ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ።

ምን እንደምንሠራ ልንገራችሁ እንግዲህ። ልጅቷን ለዚህ ያበቃት ትምህርት ቤቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኬንታኪ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ግዛቶች የተዛመተ የትምህርት ቤቶች የቀስት ፕሮግራም አለ። ልጆቹ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጂም ውስጥ ተሰልፈው ይወረውራሉ። የእኔዋ ኳስ ሲመጣባት ዓይኗን የምትጨፍን ልጅ ናት። ደጋን ስትይዝ ግን ጸጥ አለች። ስልኳን ሳይቀር ረሳችው። ይህን ያየች የጎረምሳ ዕድሜ ልጅ እናት ምን ትላለች? አደን ብትላት እሺ፣ ጨረቃ ብትላት እሺ ነው።

አባቷ ሌሊት ይሠራል። ብቻዋን ደግሞ አትሄድም። ስለዚህ እኔ ገባሁበት። የአዳኞች ኮርሱን አብረን ተማርን፣ አብረን ተፈተንን። እሷ በለጠችኝ። ይህን የጠየቀን ሰው የለም።

ለመሆኑ ከሁለቱ ዓይኖቻችሁ አለቃው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁለት እጃችሁን ዘርጉና በመዳፎቻችሁ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ። በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር እዩ። ከዚያ ዓይናችሁን በየተራ ጨፍኑ። ነገሩ ከቀዳዳው ሳይጠፋ የሚያየው ዓይን፣ አለቃው እሱ ነው። ልጄ በቀኝ እጇ ነው የምትጽፈው፤ አለቃዋ ግን ግራ ዓይኗ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የግራኝ ደጋን ይዛ እንደ አዲስ ጀመረች። ልኩም ልብስ እንደመለካት አይደለም። ሁለት ክንድ ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ኢንች ለ2.5 ይካፈላል። ደጋኑ እስከየት እንደሚሳብ የሚታወቀው በዚያ ነው። ይህን ሁሉ በንፍሮ መሃል ለጋሼ እንዴት አድርጌ ላስረዳ?

ከጠያቂው ደግሞ መካሪው ይብሳል። «ለመሳብ 70 ፓውንድ ጉልበት የሚጠይቀውን ደጋን ግዙላት። ትንሹን ገዝታችሁ ሁለት ጊዜ ከምትከስሩ» ይላል አንዱ። መካሪው በዕድሜው ደጋን ነክቶ አያውቅም። «በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» አለ ያገሬ ሰው! ይህን ተረት ስወደው። ቤት ስንገዛ ብዬዋለሁ፣ መኪና ስንቀይር ብዬዋለሁ፣ ፍሪጅ ስንገዛ ሳይቀር ብዬዋለሁ። አሞሌው ግን እስከ ዛሬ ከማንም አልመጣም። 70 ፓውንድ እኮ ወደ 32 ኪሎ ነው! ጀማሪ ልጅ እሱን ልሳብ ብላ ወደ ሰማይ ስትንጠራራ፣ አጋዘኗ ቆማ ታጨበጭብላታለች? የእኛ ከዚያ በብዙ ይቀላል። እሱንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1966 ሆለስ አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው ደጋን ላይ መዘውር ባይገጥም ኖሮ አልደፍረውም ነበር። መጀመሪያ ይከብዳል፣ መጨረሻው ላይ ግን መዘውሩ አብዛኛውን ክብደት ይሸከምልሻል። ከዘመድ የተሻለ ነው።

ዘመድ ካልኩ አይቀር። አንድ እንግዳችን ቡና እስኪፈላ ድረስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ደጋን አወረደ። አያቱ አንበሳ እንደገደሉ እየተረከልን ነው። (ይህ አንበሳ በየፋሲካው ያድጋል። መጀመሪያ ስሰማው ነብር ነበር።) ወሬው መሃል ላይ ሲደርስ ቀስት ሳያስገባ ባዶውን ደጋን ስቦ ለቀቀው። ባዶ ደጋን አይለቀቅም! ቀስቱ ይዞት ይሄድ የነበረው ኃይል ሁሉ ተመልሶ ደጋኑ ላይ ያርፋል። ጅማቱ ተስፈንጥሮ ወጣ፣ አንዱ ክንፍ ተሰነጠቀ፣ ልጄ አለቀሰች። እሱዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ድሮም ዕቃው ደካማ ነው።» በረካውን ሳይቀር ጠጥቶ ሄደ። «ስንት ፈጀባችሁ?» እንኳ አላለንም። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ይኸው ሰው በቀደም ደውሎ «ገደላችሁ?» አይለኝም? «በምኑ?» አልኩት።

ሴቶቹ ደግሞ የሚያነሱት ሌላ ነው። «ማን ባርኮ አረደው? በክት ልታበሉን ነው?» ጥያቄው እውነት አለው፣ አልጣላም። ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራቸዋል። በቀስት የሞተውን ነገር ግን የንስሐ አባታችንን ጠይቄ መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው። እኔን ያናደደኝ ተከትሎ የመጣው ነው። «ወንድ አብሯችሁ ይሂድ እንጂ!»

አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ከሌለ እናቴ ዶሮ አስይዛ በር ላይ ታቆመኝ ነበር። ሴት አታርድም። ስለዚህ ቢላ በአንድ እጅ፣ ዶሮ በሌላው ይዞ መንገደኛ ወንድ መጠበቅ ነው። ተማሪ ይሁን፣ ሰካራም ይሁን፣ ወንድ ይሁን ብቻ። በፋሲካ ዋዜማ የሰፈራችን ወንዶች ኩራት አይጣል ነበር። አንድ ዓመት ደም የሚፈራ ጎረምሳ ደረሰኝ። ዓይኑን ጨፍኖ አንዴ ገዘገዘና ለቀቃት። ዶሮዋ በግማሽ አንገቷ ግቢውን ስትዞር ቆይታ ለበዓል የታጠበው ነጠላዬ ላይ መጥታ አረፈች። እናቴ እሱን መርቃ ሸኘችው። እኔን «ዶሮ እንኳ አትይዢም!» ብላ ቆነጠጠችኝ። ቁንጥጫው አሁንም ያመኛል። እና አሁን ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ልጄን ይዤ መንገደኛ ወንድ ልጠብቅ?

የእኛ ችግር የወንድ እጦት ሳይሆን ሽታ ነው። አጋዘን አፍንጫዋ ጉድ ነው። ነፋሱ ከእኛ ወደ እሷ ከነፈሰ አለቀ፣ ገና ሳናያት ትሄዳለች። ለዚህ ነው አስተማሪዎቹ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠቡ የሚሉት። ለሐበሻ! በርበሬው፣ ዕጣኑ፣ የንጥር ቅቤው፣ የቡናው ጢስ ጃኬታችን ውስጥ ጎጆ ሠርቷል። ልጄ የአደን ልብሳችንን ጋራዥ ውስጥ ሳጥን ቆልፋበታለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ማቁላላት በእሷ ትእዛዝ ተከልክሏል። «ማሚ፣ ነገ አደን አለ፣ ዛሬ ወጥ የለም» ትለኛለች። ባለቤቴ ዓርብ ዓርብ ዳቦ ነው የሚበላው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ አንዲት አጋዘን መጣችልን። 20 ያርድ እንኳ አይሞላም። ግን ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ቆመች። ፊት ለፊት አይለቀቅም፤ ጎኗን ካልሰጠች ቀስቱ ልብና ሳንባዋን አያገኝም፣ አቁስሎ መስደድ ይሆናል። ልጄ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ክንዷ ሲንቀጠቀጥ ደጋኑን ቀስ ብላ መለሰችው። አጋዘኗም ሄደች። ይህን ለሰው ስናገር «አይ፣ አመለጠቻችኋ!» ይሉኛል። አላመለጠችም፣ ተውናት! ማን ይሰማል?

ስለ ጥያቄው ነበር የጀመርኩት፣ ዶሮዋ ወሰደችኝ። ለማንኛውም ጊዜው እያለቀ ነው። የቀስት ወቅት እዚህ የሚከፈተው በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። እሁድ ቅዳሴ አለ። ከዚያ በኋላ ብንገድል እንኳ ሥጋው ገናን ፍሪዘር ውስጥ ነው የሚጠብቀው።

ይህ ግን ማንንም አላሳሰበም። አንዷ ጓደኛዬ የቅርጫ ስም መመዝገብ ጀምራለች። ላም አለኝ በሰማይ! ላልተገደለች አጋዘን ሻኛ ያስያዘ ሰው ሁሉ አለ። አጋዘን ሻኛ የላትም ብላቸውም አያምኑኝም። በስንት ነው መደቡ ብላ ስትጠይቀኝ፣ የአደን ሥጋ መሸጥ ቨርጂኒያ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ እንግዲያው በነፃ ይሁና» አለች።