ቴሌቪዥኑ ሳይበላሽ ዩቲዩቡ ሲጠፋ

የዛሬ ስምንት ወይም አሥር ዓመት ስማርት ቲቪ የገዛ ሰው ሁሉ ቅሬታው አንድ ነው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ድምፁም ደህና ነው፤ ዩቲዩብ ግን ወይ አይከፍትም፣ ወይ ከፍቶ ይንቀራፈፋል። "አፕዴት አድርገው" ይባላል። አፕዴት ሲፈለግ "የመጨረሻው ሶፍትዌር ተጭኗል" የሚል መልስ ይመጣል። ይህ መልስ ያሞኛል። ቲቪው አዲስ ነው ለማለት ሳይሆን፣ አምራቹ ከዚህ ወዲያ ምንም አልሠራለትም ለማለት ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2015 ዩቲዩብ አፑ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበትን አሮጌ መንገድ ሲዘጋ፣ በ2012 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ቲቪዎች ላይ ያለው አፕ ቀጥ አለ። ዲሴምበር 1 ቀን 2019 ደግሞ ኔትፍሊክስ አንዳንድ የ2010 እና የ2011 ሳምሰንግ ሞዴሎችን ተወ። እነዚያ ቲቪዎች የሚያውቁት ድርጅቱ ቀደም ሲል የተወውን የማይክሮሶፍት የፊልም መቆለፊያ (ፊልም እንዳይቀዳ የሚከላከል ሶፍትዌር) ብቻ ነበር።

ሌላው ገደብ ቺፑ ነው። ቪዲዮ የሚፈታው ክፍል ፋብሪካ ውስጥ በሲሊከን ላይ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ቪፒ9 የሚባለውን የቪዲዮ አጨማመቅ የማያውቅ የ2013 ፎርኬ (4K፣ እጅግ ጥርት ያለ ምስል የሚያሳይ) ቲቪ ዩቲዩብን በፎርኬ አያሳይም፤ ፕሮሰሰሩ በሶፍትዌር ልፍታው ቢል አቅም የለውም። ራሙም (አፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) አይጨመርም፣ አፑ ግን በየዓመቱ ይከብዳል። እንዲያውም አፕዴቱ ራሱ ቲቪውን የባሰ የሚያዘገይበት ጊዜ አለ።

ቲቪው አርጅቷል ከማለት በፊት ግን ሰዓቱን ማየት ነው። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ቤት አንዳንድ ቲቪ ቀኑን ይረሳና ጃንዋሪ 1 ላይ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ዋይፋዩ እየሠራ፣ ስልኩም በዚያው ዋይፋይ ዩቲዩብ እየከፈተ፣ ቲቪው "መገናኘት አልቻልኩም" ይላል፤ የሰርቨሩ የደኅንነት ሰርተፍኬት (የማንነቱ ዲጂታል ማረጋገጫ) በእሱ ቀን አቆጣጠር ገና አልተሰጠምና። ከሶኬቱ ነቅሎ አንድ ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ መልሶ ሰክቶ ቀኑንና ዓመቱን በእጅ ማስተካከል ነው። ይህ ካልፈታው ችግሩ ሌላ ነው።

በፍላሽ አፕዴት የሚያደርግ ሰው ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ፣ ከቲቪው ጀርባ በተለጠፈው ሙሉ የሞዴል ቁጥር ያውርድ። አንድ ፊደል ከተለየ አይሆንም። ብዙዎቹ ቲቪዎች የሚያነቡት በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ነው። ግማሽ ላይ መብራት ከጠፋ ግን ማዘርቦርዱ እስከ መጨረሻው ሊበላሽ ስለሚችል፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የሌለው ሰው መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ይሞክር።

የዲሽ ሪሲቨር ሲበላሽ ቲቪውን የሚጥል የለም፤ ሪሲቨሩ ይቀየራል። የቲቪው "ስማርትነት" ላይም ይኸው ልማድ መሠራት አለበት። ሳምሰንግ ራሱ ለ2012 ውድ ሞዴሎቹ ከጀርባ የሚሰካ፣ ፕሮሰሰሩን የሚያድስ ሣጥን አውጥቶ ነበር፤ አልዘለቀበትም። ኤችዲኤምአይ ላይ የምትሰካ ስቲክ (ዩቲዩብን የመሳሰሉ አፖችን በራሷ የምትከፍት ትንሽ መሣሪያ) ያንኑ ሥራ በጥቂት ዋጋ ትሠራለች። ኃይል ከቲቪው ዩኤስቢ መውሰድ ግን ስህተት ነው፤ የብዙ አሮጌ ቲቪ ዩኤስቢ የሚሰጠው ግማሽ አምፒር ነው፣ ስቲኳ አንድና ከዚያ በላይ ስለምትፈልግ እየጠፋች ትነሣለች። የራሷን ቻርጀር ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ቀደምት ፎርኬ ቲቪ ላይ ደግሞ ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለውን የፎርኬ ቅጂ መከላከያ የሚቀበለው አንዱ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ምስሉ ፎርኬ አልሆን ካለ ቀዳዳ መቀየር።

ሻጮችም ተጠያቂ ናቸው። "አንድሮይድ ቲቪ" ተብለው በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የስልክ አንድሮይድ የተጫነባቸው፣ የጉግል ፈቃድ የሌላቸው ናቸው፤ አፕዴትም አይመጣላቸውም። ብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ አምራቾች የደኅንነት አፕዴት እስከ መቼ እንደሚሰጡ እንዲያሳውቁ በሕግ አስገድዳለች። እዚህ ካርቶኑ ላይ ኢንቹ በትልቁ ይጻፋል፣ የተሠራበት ዓመት ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ሳምሰንግ ከሆነ ከኢንቹ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ፊደል ይናገራል፤ ኤች 2014፣ ጄ 2015፣ ኬ 2016 ነው። "ያገለገለ፣ እንደ አዲስ" የተባለ ባለ ጄ ቲቪ የስማርት ዋጋ ሲጠየቅበት፣ የተራ ስክሪን ዋጋ ሰጥቶ ልዩነቱን ለስቲኳ ማስቀረት ነው።