ምች ነው እያላችሁ እስከ መቼ?

የሰሜን ሸዋ ሰው ሆይ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከቁጣው ግማሹ የራሴ ድርሻ ስለሆነ በእሱ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት ጫጫ፣ አጎቴ ቤት ማኅበር ነበር። አጎቴን ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠላ የያዙበት ዋንጫ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሳቅን። «ጋሼ፣ ጠላው በረታብዎ እንዴ?» አለ አንዱ። ሊመልሱ ሲሉ አፋቸው ወደ ግራ ተጎተተ፤ ምላሳቸው ተሳሰረ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው ያለ ግን አልነበረም። «ምች ነው» ተባለ። ልጆች ጓሮ ሮጠው ዳማከሴ ቀጠፉ። ታሽቶ፣ በቡና ተደርጎ ቀረበላቸው። ትን አላቸው፤ አሳላቸው። ከዚያ «ትንሽ ጋደም ይበሉ» ተብሎ ጋቢ ተደረበባቸው። እኔ የተማርኩት ሰውዬ፣ ስልክ በኪሴ እያለ፣ ጋቢውን እግራቸው ላይ ሳስተካክል ነበር።

ከጫጫ ደብረ ብርሃን አስፋልት ነው። ሚኒባሱ ሲመላለስ ይውላል። መንዝ ቆላ ውስጥ ወይም መርሐቤቴ ገደል ሥር ብንሆን መንገዱን ባማረርን። እኛን ያዘገየን ያው የራሳችን አፍ ነው።

ማታ ሆስፒታል ስንደርስ «ምች» ያልነው ስትሮክ ሆኖ ተገኘ። ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ጋሼ የልብ ምታቸው የተዛባ መሆኑ ከሁለት ዓመት በፊት ተነግሯቸው ኖሯል። ደም ማቅጠኛም ታዞላቸው ነበር። አራት ወር ወስደው ዐቢይ ጾም ሲገባ ተዉት። የቀጠሮ ካርዱን በኋላ ዳዊታቸው ውስጥ አገኘነው።

እናንተ «ልብ ሌላ፣ ጭንቅላት ሌላ» ትላላችሁ። እስቲ ስሙኝ። ወተት ዕቃ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ይረጋል አይደል? ደምም ከቆመ ይረጋል። የልብ ሥራ ደሙ እንዳይቆም መግፋት ነው። የልብ ላይኛዎቹ ሁለት ክፍሎች ምታቸው ሲዛባ አይጨምቁም፤ ዝም ብለው ይርገበገባሉ። ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት ይኼን ነው። ያን ጊዜ ደሙ በግራ በኩል ባለችው፣ ጆሮ በምትመስል ትንሽ ኪስ ውስጥ ይተኛል። ይረጋል። አንድ ቀን ያ የረጋ ደም ተነስቶ ይወጣና ሽቅብ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ሄዶም ቀጭን የደም ሥር ላይ ይወተፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአንጎል ክፍል ደም አያገኝም። ጋሼን የመታቸው ስትሮክ ይኼ ነው። እንዲህ ምቱ የተዛባበት ሰው በስትሮክ የመመታት ዕድሉ ከሌላው 5 እጥፍ ያህል ነው። የልቡ በር፣ ደም የሚያሳልፈው ቫልቭ፣ የጠበበ ከሆነ ከዚህም ይብሳል።

የልብ በር ስል ወደ ልጆቻችሁ መምጣቴ ነው። እዚህ ላይ በደንብ ልቆጣ።

በእኛ አገር ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ጉልበት ሲያብጥ ብርድ፣ ልብ ሲደልቅ ብርድ፣ ልጅ ሲያተኩሰው ብርድ። ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ ይበርዳል፣ አልካድኩም። ግን የ8 ዓመት ልጅ ጉሮሮውን አሞት፣ አተኩሶት፣ ምራቅ መዋጥ አቅቶት ሲያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ? እንጥሉን ታስቆርጣላችሁ። ጉሮሮው ውስጥ ያለችው ባክቴሪያ ግን ምላጭ አትፈራም። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጁ ጉልበት ያብጣል። እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ ቀጥሎ ክርኑ። ሕመሙ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ይዘዋወራል። እናንተም «ብርድ ገብቶበታል» ብላችሁ ቅቤ ትቀቡታላችሁ። እብጠቱ ይጠፋል። ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ይኼ ሕመም ግን ልቡ ላይ ደርሶ የሄደ ሊሆን ይችላል። ሰውነት ባክቴሪያዋን ሊወጋ ሲነሳ የገዛ ልቡን በሮች ያቆስላል። በሩ ዓመት እየቆየ ይጠነክራል፣ ይጠባል። ደሙ ከጠበበው በር ጀርባ ይከማቻል። ልጁ 25 ወይም 30 ዓመት ሲሞላው፣ ወይ ልጅቷ አግብታ ስታረግዝ፣ ትንፋሽ ማጠር ይመጣል። ምቱ ይዛባል። ከዚያ የረጋ ደም፣ ከዚያ ስትሮክ። በጎልማሳ ዕድሜያቸው ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝ ሰዎችን ታውቃላችሁ። «የሰው ዓይን ነው» ብላችሁ አልፋችኋል። አንዳንዱ ነገር የጀመረው ግን ጉሮሮ ላይ ነበር።

ይኼ ሁሉ በፔኒሲሊን የሚቀር ነው። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ልጁ በባለሙያ ታይቶ ትክክለኛውን መድኃኒት ከጀመረ ልቡ ይተርፋል። ጤና ጣቢያ ያለ መድኃኒት ነው፣ ብርቅ አይደለም። ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ብቻ ሲሆን ይበልጥ ጠርጥሩ። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ከሆነማ አትዘናጉ። ብርዱ የሚያደርገን ነገር ካለ አንድ ቤት አጭቆ፣ ተቃቅፈን እንድንተኛ ማድረጉ ነው፤ ባክቴሪያዋም ከአንዱ ወደ ሌላው የምትዘለው ያኔ ነው።

ልባቸው አንዴ የተነካ ልጆች ደግሞ በየ4 ሳምንቱ መርፌ ይታዘዝላቸዋል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ያማል፣ መቀመጫ ላይ ነው። ልጁ ሲሮጥ፣ ኳስ ሲጫወት ታዩና «ድኗል፣ ምን ያሠቃየዋል» ብላችሁ ታስቆማላችሁ። መርፌው የሚሰጠው እኮ ስላመመው አይደለም! ባክቴሪያዋ ተመልሳ ያንኑ በር እንዳታቆስለው ነው። ለዓመታት የሚወሰድ ነው። ማቆም ያለበት ያዘዘው ሐኪም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትልልቆቹ። ደም ማቅጠኛ የታዘዘላችሁ፣ ጋሼን የምትመስሉ ሁሉ፣ ሰበባችሁን አውቀዋለሁ።

አንደኛው ሰበብ ጾም ነው። ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ በቀን አንዴ፣ ብዙ ጊዜም ማታ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ከየትኛው ጾም ጋር ነው የሚጋጨው? ጾሙ የሚነካው በሌላ በኩል ነው፤ በጎመን። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። በፍስክ ወር ጎመን ሳትነኩ ቆይታችሁ በጾም በየቀኑ ብትበሉ መድኃኒቱ ይዛባል። ጎመን አትብሉ ማለቴ አይደለም። መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ይሁን፤ ለሐኪማችሁም ንገሩት። የደም ምርመራውን፣ ያንን አይኤንአር የሚሉትን፣ አትዝለሉ። ለአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ካነሰ ደሙ ይረጋል፣ ከበዛ ይደማል። ለወገብ ሕመም ብላችሁ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝታችሁ አትደርቡበት። ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ደግሞ ማርገዝ ካሰበች ቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው ጠበል ነው። ጻድቃኔ ማርያም ሂዱ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ሂዱ፤ እኔም ሄጃለሁ። ግን ኪኒኑን ቤት ትታችሁ መሄድን ማን አዘዛችሁ? አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። ለኤችአይቪ የተፈቀደ ለልብ ይከለከላል?

ሦስተኛው «አስፕሪን እወስዳለሁ እኮ» የሚለው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ምት መዛባት አስፕሪን ደካማ ነው። ዋርፋሪን በትክክል ሲወሰድ የስትሮኩን አደጋ ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ይቀንሳል። ልዩነቱ ብዙ ነው። አንዳንዶች ዘመናዊ፣ የደም ክትትል የማይፈልጉ መድኃኒቶች አሉ ሲባል ሰምታችሁ ትጠይቃላችሁ። አሉ፤ ጥሩም ናቸው። የልብ በሩ በሩማቲክ በጣም ለጠበበበት ሰው ግን እስካሁን ዋርፋሪን ነው የሚመረጠው።

ስለ ደም ግፊት ብዙ አልልም፣ ሰልችቷችኋል። ከስትሮክ መንስኤዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። የደም ሥር ያፈነዳል፣ ልብንም አሳብጦ ምቱን ያዛባል። ራስ ምታት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ከሆነ ተከታተሉ። ለብርዱ የምትሏት አረቄም ግፊቱንም ምቱንም ታባብሳለች። ብርዱን ጋቢ ይበቃዋል።

የልብ ምታችሁን ማወቅ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። ሁለት ጣት አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች አሳርፉ። አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። አርፎ ለተቀመጠ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ምቱን አድምጡ። ማኅሌት የምትቆሙ ሰዎች፣ ከበሮ መቺው አንዴ ምት ቢስት ሁላችሁም ዞራችሁ ታዩታላችሁ። ደረታችሁ ውስጥ ያለው ከበሮ ወጉን ስቶ፣ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ሲመታ ዓመት ሙሉ ሳትሰሙት ትኖራላችሁ! ከተዛባባችሁ ኢሲጂ፣ የልብ ምት የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ተነሱ። ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ምርመራ ነው።

ይኼ ሕመም ደግሞ ደሃና ሀብታም አይመርጥም። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ፣ የጋሼ ጎረቤት ነው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በጠና ስትሮክ ተመቱ። ታኅሣሥ 1906 እስኪያርፉ አራት ዓመት ያህል አልጋ ላይ ነበሩ። ተመርዘዋል የሚል ወሬም አልቀረም። በእሳቸው ዘመን ደም ማቅጠኛ ኪኒን አልነበረም። እናንተ ግን ካርዳችሁ ዳዊት ውስጥ ነው ያለው።

እንግዲህ ያ ቀን ከመጣ። ፊት በአንድ በኩል ከወረደ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ሌላ ምልክት አትጠብቁ። በአፍ ምንም አትስጡ፤ ዳማከሴም፣ ቡናም፣ የማር ውሃም፣ ውሃ እንኳ። መዋጥ ያቃተው ሰው ወደ ሳንባው ያስገባዋል። አስፕሪንም አትስጡ፤ ሲቲ ስካን የሚሉት የጭንቅላት ራጅ ሳይነሳ ደም ረግቶ ይሁን ፈስሶ አይታወቅም። በጎኑ አስተኝታችሁ መኪና ፈልጉ። ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ቢጠፋም ሂዱ። ያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ትልቁ በቀናት ውስጥ ሊከተል ይችላል። በተዘጋ የደም ሥር እያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን የሚሆኑ የአንጎል ሕዋሳትን ትፈጃለች። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ በብዙ ቦታ አይገኝም። ቢሆንም ቶሎ የደረሰ ሰው ግፊቱ ይስተካከልለታል፣ ትን እንዳይለው ይጠበቅለታል፣ ሁለተኛው ስትሮክ እንዳይመጣ መድኃኒት ይጀመርለታል።

ሰዓቱንም ያዙ። ያን ዕለት ማታ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን «መቼ ጀመራቸው?» ብላ ነው። ተያየን። አንዱ «ጠበል ጻዲቁ ሳይነሳ» አለ። ሌላዋ «ኧረ ቶናው ሲቀዳ ነው» አለች። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ቀን ፎቶ አንስቼ ነበር። ጋሼ ዋንጫቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ይስቃሉ። 6 ሰዓት ከ40 ይላል። ሐኪሟ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች። ለምሽቱ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።