ጉሮሮን አታልሎ የሚገባው ኒኮቲን

ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ክርክር ሲነሣ ነገሩ ሁሉ ቶሎ ወደ ጭሱ ያዘነብላል። የሚነድ ቅጠል የለውም፣ ታር የሚባለው ዝፍት መሰል ቆሻሻ የለውም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ከሲጋራው ጋር አይወዳደርም ይባላል። ይህ በአብዛኛው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሰውን በሱስ የሚይዘው ጭሱ ሳይሆን ኒኮቲኑ ነው፤ አያያዙን የሚወስነው ደግሞ ምን ያህሉ፣ በምን ፍጥነት ደም ውስጥ ገባ የሚለው ጥያቄ ነው። ገዢው በእጁ የያዘው ማሸጊያ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አይነግረውም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

መንገዱን ከመነሻው እንከተለው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሽቦ ሲግል ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከተባሉ ፈሳሾች ጋር የተቀላቀለው ኒኮቲን ይተናል። ተኑ ወዲያው ይቀዘቅዝና ዓይን አንድ በአንድ ሊለያቸው የማይችል ደቃቅ ጠብታዎች ይሆናል፤ ከአፍ ሲወጣ የምናየው ነጭ ደመና የእነዚህ ጠብታዎች ክምችት ነው። ጠብታዎቹ ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ተዘርግተው ቢለኩ 70 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው፤ ከደሙ የሚለያቸውም እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ብቻ ነው። ኒኮቲኑን የተቀበለው ደም በቀጥታ ወደ ልብ ይመለሳል፣ ልብም ወደ አንጎል ይገፋዋል። በሲጋራ ላይ ይህ ጉዞ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ብቻ ይፈጃል።

ያው ኒኮቲን ቢዋጥ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። በጨጓራ አሲድ ውስጥ እምብዛም ወደ ደም አይገባም፤ አንጀት ሲቀበለውም አስቀድሞ በጉበት በኩል ማለፍ ስላለበት ጉበት አብዛኛውን ይሰብረዋል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተርም ኒኮቲኑን ቀስ እያለ ለሰዓታት ያደርሳል። በፕላስተር ሱስ የሚያዝ ሰው ብዙም የማይታየው ለዚህ ነው። ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ የሚገባበት በር ሱሱን ያከብደዋል ወይም ያቀልለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ኒኮቲን በባሕርዩ ደካማ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ ነጻው ነው፤ የሕዋስን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል፣ ጉሮሮን ግን ይቆረቁራል። ሌላው ከአሲድ ጋር ተገናኝቶ የኤሌክትሪክ ሙል የያዘው ነው፤ ሽፋኑን በቀላሉ አያልፍም፣ ለጉሮሮ ግን የለሰለሰ ነው። የፒፓና የሲጋር ጭስ ወደ ቤዝነት ስለሚያደላ ኒኮቲኑ በአፍ ሽፋን በኩል ይገባል፤ ጭሱ ስለሚከረክርም ብዙዎቹ አጫሾች ወደ ሳንባቸው አይስቡትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅጠሉን በጋለ ሙቀት የማድረቅ ዘዴ ሲስፋፋ ስኳር የበዛበት፣ ጭሱም ወደ አሲድነት ያደላ ትምባሆ ተገኘ። ያ ጭስ እስከ ሳንባ ጥልቀት ድረስ ሊሳብ ቻለ። ሲጋራ ዓለምን ያዳረሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ልስላሴው ነው።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ያንኑ መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሄደበት። እ.ኤ.አ. በ2010 የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ቶማስ አይዘንበርግ በዘመኑ የነበሩትን መሣሪያዎች አጫሾች እንዲስቧቸው አድርጎ ደማቸውን ሲለካ፣ የኒኮቲኑ መጠን ከፍ አለ ለማለት እንኳ የሚያስቸግር ሆኖ አገኘው። ፈሳሹ ኒኮቲን እንዳለው ተጽፎበታል፣ ደሙ ግን አላየውም። ኒኮቲኑን ማብዛት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነጻ ኒኮቲን ሲበዛ ግን ጉሮሮ አሻፈረኝ ይላል፣ ሰውየውም ያስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ የገባው ጁል የተባለው መሣሪያ ይህን እንቢታ በአሲድ አለፈው። ቤንዞይክ አሲድ ወደ ፈሳሹ ሲጨመር ኒኮቲኑ ጨው ይሆናል፣ መከርከሩም ይቀንሳል። በዚህ ዘዴ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 59 ሚሊ ግራም ያህል ኒኮቲን ማስገባት ተቻለ። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው ጣሪያ 20 ሚሊ ግራም ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ በትክክል ሊጠይቅ ይችላል፤ ሙል የያዘው ኒኮቲን ሽፋን የማያልፍ ከሆነ እንዴት ወደ ደም ይገባል? መልሱ ያለው ሰውነት ውስጥ ነው። ጠብታዋ ሳንባ ላይ ስታርፍ የሳንባው እርጥበት አሲዷን ያረግበዋል። ፒኤች የተባለው የአሲድነት መለኪያ የደምን ያህል፣ ማለትም 7.4 ሲሆን ከኒኮቲኑ አንድ አምስተኛ ያህሉ ነጻ ይሆናል። ነጻው ተሻግሮ ሲሄድ ሚዛኑ ስለሚዛባ ከቀረው ውስጥ ሌላው በቦታው ነጻ ይወጣል፣ እሱም ይሻገራል። አሲዱ ጉሮሮን ብቻ አታለለ እንጂ ሳንባን አላገደም። ስለ ፍራፍሬ ጣዕም የሚደረገው ሙግት ተገቢ ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ከጣዕሙ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ አሲድ ነው። አጭሶ የማያውቅ አንድ ወጣት በመጀመሪያው ቀን ሲያስለው ሰውነቱ እየተከላከለለት ነው። ያን ሳል ከመንገድ ማንሣት አንድ ዘበኛን ከበር እንደ ማባረር ነው።

ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ወጣቱን አይረዳውም። በጁል ማሸጊያ ላይ «5 በመቶ» ሲባል ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን 0.7 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በምትይዘው በጁል ትንሽ መያዣ ውስጥ 40 ሚሊ ግራም ያህል ኒኮቲን አለ፤ አንድ ሲጋራ ለአጫሹ ደም የሚያቀብለው ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ከመያዣው ውስጥ ያለው ሁሉ ደም አይደርስም፤ ኩባንያው ራሱ ግን አንዷን መያዣ ከአንድ ፓኬት ሲጋራ ጋር ያነጻጽራት ነበር።

የክምችቱ፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ ያለው የኒኮቲን መጠን ቁጥር ቢታወቅም እንኳ በቂ አይደለም። በዝቅተኛ ኃይል በሚሠራ መሣሪያ ውስጥ የተሞላና በከፍተኛ ኃይል በሚሠራው ውስጥ የተሞላ አንድ ዓይነት ፈሳሽ እጅግ የተለያየ ኒኮቲን ይሰጣል። ሳቢው ትንፋሹን ካስረዘመ መጠኑ እንደገና ይለወጣል፤ ኒኮቲኑ ያነሰበት ሰው ደግሞ ደጋግሞና አርዝሞ ይስባል። ስለዚህ አይዘንበርግና በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባው አላን ሺሃዴህ እ.ኤ.አ. በ2015 መለኪያው መሣሪያው በሰከንድ የሚያወጣው የኒኮቲን ፍሰት እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ሐሳብ ሕግ መሆን ያለበት ይመስለኛል። የፈሳሹን ክምችት ብቻ የሚገድብ ሕግ የመሣሪያው ኃይል ከተጨመረ መከላከል አይችልም።

የሚያጨሱ ሰዎች ሲጋራን እንዲተዉ ይህ መሣሪያ ይረዳቸዋል የሚለውን አልክድም። ኮክሬን የተባለው የምርምር ግምገማ ድርጅትም ኒኮቲን ያለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከፕላስተርና ከማስቲካ ይልቅ ብዙ ሰዎችን ከሲጋራ እንዳላቀቀ አሳይቷል። ከሚያላቅቃቸው ምክንያቶች አንዱም ኒኮቲኑን ለደም ፈጥኖ ማድረሱ ሳይሆን አይቀርም። አጫሹን የሚጠቅመው ፍጥነት ያላጨሰውን የሚያጠምድ በመሆኑ፣ መጠኑ በግልጽ ይነገረን ማለት ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ጥያቄ ነው።

አንድ ልዩነት ቀርቶኛል። ሲጋራ ያልቃል፤ ከአሥር ጊዜ ያህል ስበት በኋላ ይጠፋል፣ አጫሹም ሌላ ለመለኮስ መወሰን አለበት። መሣሪያው ግን የሚያበቃበት ቦታ የለውም። የኒኮቲን መጠን በደም ውስጥ በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቀኑን ሙሉ የሚስብ ሰው ግን ሳይቀንስለት ስለሚደግመው መጠኑ እየተከማቸ ይሄዳል። ሐኪም «በቀን ስንት ታጨሳለህ?» ብሎ ሲጠይቀው የሚመልሰው ቁጥር የለውም። ለዚህ ሰው የሚስማማው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከእንቅልፍህ ከነቃህ በስንት ደቂቃ ውስጥ ትስበዋለህ? ሌሊቱን ኒኮቲኑ ሲወርድ አድሮ ጠዋት አምስት ደቂቃ እንኳ መታገሥ ካልቻለ፣ ማሸጊያው የደበቀውን ሰውነቱ ነግሮታል።