ብረቱን በመድኃኒት እንቀባው ወይስ ቁስሉን እንጠበው?

የክርክሩ ርእስ ይህ ነው፦ «ለክፍት የቅልጥም ስብራት የሚገባው ብረት መድኃኒት እየለቀቀ ሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ሽፋን ይኑረው።» ሁለቱም ተከራካሪዎች የባሕር ዳር ሰዎች ናቸው። የሚደግፈው የኬሚካል ምህንድስና መምህር ነው፤ የምትቃወመው የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ናት።

መምህሩ፦ ሲስተር፣ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ባጃጅ የተገለበጠበት ልጅ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ይመጣል። አጥንቱን ደግፎ የሚይዝ ብረት ይገባለታል። ባክቴሪያ ብረቱ ላይ አንዴ ከተለጠፈ ንፍጥ በመሰለ ነገር ራሱን ይሸፍናል፤ ከዚያ በኋላ መንቀሉ ከባድ ነው። በደም ሥር የምትሰጡት መድኃኒትም ደም ሥሩ የተበጠሰበት ቦታ ላይ በደንብ አይደርስም። ታዲያ መድኃኒቱ እዚያው ብረቱ ላይ ቢጠብቀውስ? አውሮፓ ውስጥ ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ የተቀባ የቅልጥም ብረት ሥራ ላይ ከዋለ ዓመታት አልፈዋል። ሽፋኑ ከጸጉር የቀጠነ ፖሊላክቲክ አሲድ ነው፣ ሰውነት ውስጥ የሚሟሟ የፕላስቲክ ዓይነት። ሲሟሟ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፣ ያው እርጎ የሚያኮመጥጠው።

ሲስተር፦ እርጎዋን ወደድኳት። ግን መምህር፣ እርስዎ ብረቱን የሚያዩት ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ እኔ ትሪ ላይ። የተለያየ ርዝመትና ውፍረት ያለው ተደርድሮ ይቀርባል። ሐኪሙ ለክቶ «ይሄ ረዘመ፣ ያንን አምጪ» ይላል። ያልገባው ታጥቦ አውቶክሌቭ ውስጥ፣ ማለትም በ121 ዲግሪ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን ውስጥ፣ ይገባና ለሌላ ታካሚ ይቆያል። የእርስዎ ሽፋን ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። እንግዲህ እያንዳንዱ መጠን ለብቻው ታሽጎ ይገዛ፣ ተከፍቶ ልክ ያልሆነው ይጣል ማለት ነው። ያውም በዶላር!

መምህሩ፦ አውቶክሌቩን አላሰብኩትም፣ እውነት ለመናገር። ግን ሌላ መንገድ አለ። ብረቱ እንደወትሮው ይቀቀል። ሽፋኑ ጄል ሆኖ ለብቻው ይመጣል፤ ሐኪሙ እዚያው አንቲባዮቲክ ቀላቅሎ ብረቱን ይቀባና ያስገባል። እሱም በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ይሟሟል።

ሲስተር፦ ይሄኛው ይሻላል። ቢሆንም ባክቴሪያው ጄንታማይሲንን የለመደ ከሆነ የቀባነው ውኃ ነው። ደግሞ ከዘጌ ወዲያ በጀልባ የመጣ ሰው አለ፣ ቁስሉ ጭቃ እንደያዘ አንድ ቀን ያደረ። እሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንቲባዮቲክ ቶሎ መጀመርና በደንብ መታጠብ ነው። ለከባዱ ስብራት በተለምዶ 9 ሊትር ሰላይን፣ ማለትም ንጹሕ የጨው ውኃ፣ ይባላል። ዘጠኝ! ባልዲ ሙሉ ማለት እኮ ነው።

መምህሩ፦ እጠቡት፣ ማን ከለከለ? ከታጠበ በኋላም የሚቀር ባክቴሪያ አለ። እኔ የምከራከረው ስለዚያ ስለቀረው ነው።

ሲስተር፦ እሺ፣ ጄሉ ይምጣ። ግን የግዢው ወረቀት ላይ ከሰላይኑ በታች ይጻፍልኝ።