ጆሮ ጎርጓሪዎቻችን ይባረኩ

የቱሉ ዲምቱን ታክሲ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ስለ ቁጠባ ምን ያውቃል? ሾፌሩ ተራ ሲጠብቅ ሞተሩን ያጠፋል፤ ቁልፉን ይነቅላል፤ በዚያው ቁልፍ ጆሮውን መጎርጎር ይጀምራል። አንገቱን ዘንበል፣ ዓይኑን ጨፈን፣ አፉን ከፈት። የወጣውን ወደ ብርሃን አዙሮ በጥሞና ይመረምረዋል፣ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፣ ቁልፉን መልሶ ይሰካና ጉዞ ይቀጥላል። አንድ ቁልፍ ለሁለት ሥራ! የውጭ ምንዛሪ ባጠራት አገር እንዲህ ያለው ሰው እንዴት ሳይሸለም ይቀራል?

ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ በክብሪት ነው የሚሠራው፤ ያውም መኪናው እየሄደ። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቀዳዳ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መጨረሻው ላይ ታምቡሩ ተወጥሯል፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የክብሪት እንጨት 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቀሪውን ሒሳብ ጀግናችን ለአስፋልቱ ጉድጓድ ትቶታል። መሀል ላይ ያስለዋል፤ ከአንጎል ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ነርቭ አንዱ ቅርንጫፍ ጆሮ ውስጥ ስላለ አንዳንድ ሰው ጆሮው ሲነካ ሳል ይቀድመዋል። ተሳፋሪው ጉንፋን ነው ብሎ መስኮት ይከፍታል። በአዲስ አበባ ታክሲ መስኮት ማስከፈት እንደዋዛ የሚታይ ውለታ አይደለም።

ፈጣሪማ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ነበር። ኩክ የሚመረተው በጆሮ ቀዳዳ ደጃፍ አካባቢ ብቻ ነው፤ ታምቡሩ ዘንድ የለም። የቀዳዳው ቆዳ ራሱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይጓዛል፤ ቆሎ ስንቆረጥም መንጋጋችን ያግዘዋል፤ የኮዬ ፈጬን አቧራ ይዞ ያስቀረው ኩክ ደርቆ በራሱ ጊዜ ይረግፋል። ግን ይህን ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? የእኛ ሰው ትጉህ ነው። ሊወጣ ደጃፍ የደረሰውን ኩክ እንደ ድሮ ጠመንጃ ባሩድ ጠቅጥቆ ይመልሰዋል። "ጆሮዬን ደፈነኝ" ማለት ሲጀምር ደግሞ ረዘም ያለ እንጨት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ሾፌር "ወራጅ አለ!" ቢሉት አይሰማም፤ ተሳፋሪው ሁለት ፌርማታ አልፎ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል። የእግር ጉዞ ለልብ ጥሩ ነው፣ ያውም በነፃ።

ኮንዶሚኒየም የገቡት ዘመናዮች በጥጥ ነው የሚጠቀጥቁት። ማሸጊያው ላይ ጆሮ ውስጥ አታስገቡ የሚል ማሳሰቢያ አለ፤ እኛ ግን እንኳን ደቃቁን፣ በትልቁ የተጻፈውንም ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ለምደናል። ድሮ ከብር የተሠራች የኩክ ማውጫ በአንገት ማንጠልጠል ጌጥ ነበር። የዛሬው ጀግና የእስክሪብቶ ክዳን አልናቀ፣ ፎርሺና አልናቀ። ለዚሁ ሲል የትንሿን ጣት ጥፍር ያሳደገውንማ ምን ብዬ ላመስግነው?

ደስታችንን የማይወዱ ሐኪሞች ግን አሉ። ውጭውን በጨርቅ ጥረጉ፣ ውስጡን ተዉት ይላሉ። ከደፈነ ለብ ያለ የወይራ ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጋችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃ በጎን ተኙ፤ ይህንንም ለተወሰኑ ቀናት ደጋግሙ፣ ይለሰልሳል። ካልሆነ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታጠቡ፤ ውሃው የሰውነት ሙቀት ያለው ይሁን፣ ቀዝቃዛው ራስ ያዞራል። ሕመም፣ መግል ወይም ደም ካለ፣ ወይም ታምቡሩ ተቀዶ የሚያውቅ ከሆነ ዘይትም ውሃም ሳይነካው በቅድሚያ ይታይ። ድንገት መስማት ያቆመ ጆሮም ለነገ አይባልም። እስቲ ይህ ምን ጣዕም አለው? ቤት ተጋድሞ ዘይት የሚያንጠባጥብን ሰው ማን ያየዋል?

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው በመጨረሻ ለሐኪሞቹ እጃቸውን ሰጡ። ጆሯቸው ሲታጠብ ከኩኩ ጋር የጥጥ ጫፍ ዱብ አለ። ነርሷ ደንግጣ "ጋሼ፣ ይኼ መቼ የገባ ነው?" ስትላቸው፣

"ውይ! ያቺ የፋሲካዋ ናት" አሉ፤ "እኔ እኮ ልጆቹ ወሰዱብኝ ብዬ ስቆጣ ነው የከረምኩት።"