ሴንሰሩ ሲሳሳት ሕንፃው ያባክናል

ስለ ስማርት ሕንፃ፣ ማለትም መብራቱንና አየሩን በሴንሰሮች (ሙቀትን፣ አየርን ወይም እንቅስቃሴን በሚለኩ መሣሪያዎች) እየተመራ ራሱ ስለሚቆጣጠር ሕንፃ፣ በተነሣ ቁጥር ወሬው የሚያተኩረው በተገጠሙት ሴንሰሮች ብዛት ላይ ነው፤ ሴንሰር ሲበዛ የኃይል ፍጆታው በዚያው ልክ የሚቀንስ ይመስል። በእኔ እምነት ግን ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የሚልኩት መረጃ ትክክል ስለመሆኑና መረጃውን አይቶ እርምጃ የሚወስድ ሰው ስለመኖሩ ነው።

ቀላሉን የሙቀት መለኪያ እንውሰድ። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ወይም ከፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ከተሰቀለ፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ ሳለ እሱ 25 ሊያነብ ይችላል፤ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱም የተነገረውን አምኖ ማቀዝቀዣውን ያለ ፋታ ያሠራል። ሠራተኛው ሹራብ ይደርባል፤ አልሆን ሲለው ከጠረጴዛው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሰካል። አንዱ ክፍል በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ይውላል፤ ሁለቱም የሚቆጥሩት በዚያው ቆጣሪ ላይ ነው።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ስሕተት ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ ምክንያቱም ቁጠባ መስሎ ይታያል። በውጭ አየር ውስጥ የጋዙ መጠን ከሚሊዮን 420 ገደማ ሲሆን፣ ሰው በተሰበሰበበት ክፍል በፍጥነት ስለሚጨምር፣ ንጹሕ አየር በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ለማስገባት ጥሩ ምልክት ነው። የማራገቢያ ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀነስ ሞተሩ የሚወስደው ኃይል በግማሽ ገደማ ስለሚወርድ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ይሁንና ብዙዎቹ ሴንሰሮች ራሳቸውን የሚያስተካክሉት በተከታታይ ቀናት ያዩትን ዝቅተኛ መጠን የውጭ አየር ነው ብለው በመገመት ነው። ሌት ተቀን ሰው በማይለየው ሕንፃ ውስጥ ግምቱ ስለሚፈርስ ሴንሰሩ ከእውነተኛው በታች ያነባል፣ ማራገቢያው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሰዎችም በታፈነ አየር ይውላሉ፤ በወርኃዊው ሪፖርት ላይ ግን ፍጆታው ቀንሷል። (ዝም ብሎ የሚያነብን ሰው «የለም» ብሎ መብራት የሚያጠፋው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ቢያንስ ጥፋቱን ወዲያው ያሳውቃል።)

ብዙ ሕንፃዎች ደግሞ በእጃቸው ያለውን መረጃ እንኳ አያዩትም። በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ ቆጣሪ ካለ፣ የሥራ ቀንንና የእረፍት ቀንን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማነጻጸር ማንም ሳይኖር ምን እየሠራ እንደሚያድር ለማወቅ ይበቃል። ስለዚህ ለአዲስ ሴንሰር ግዥ ከመፈረሙ በፊት ነባሮቹ ከተረጋገጠ መለኪያ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተመሳከሩት መቼ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ለዚሁ ሥራም በየዓመቱ በጀትና ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ባለሙያ ይመደብ።