ከቅናሹ የተረፈው ገንዘብ የት ገባ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ትንሽ ይከብድ ይሆናል። ቢሆንም አንዳችን ደፍረን ልንለው ይገባል።

ቅናሽ ማደን እናውቅበታለን። የቅናሽ ማስታወቂያ ሲወጣ ቀድመን እንሰማለን። ለወዳጅ እንደውላለን፣ ተሰልፈን እንገዛለን፣ ማታ ቤት ገብተን «ይሄን ያህል አተረፍኩ» እያልን እናወራለን። በማግስቱ የተቸገረ ዘመድ ሲደውል ግን መልሳችን «አሁን እጄ ላይ ምንም የለም» ነው። ታዲያ ትናንት ያተረፍነው የት ገባ?

መልሱን ልንገራችሁ። ብዙውን ጊዜ አላተረፍንም። ብናተርፍም ያንኑ ቀን መልሰን ለራሳችን አጥፍተነዋል። የተረፈ ገንዘብ ለምን እንደሚውል ካልተወሰነለት ሳምንት አይቆይም። በርካሽ መግዛት የሚችለው ቤተሰብ ሁሉ ለጋስ ያልሆነው ለዚህ ነው። መሆን ግን ይችል ነበር። ደሞዝ ሳይጨመር፣ ከልጆች አፍ ሳይነጠቅ፣ በሸመታ ብልሃት ብቻ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል። እየቻልን አለማድረጋችን ነው የሚያንገበግበኝ።

መጀመሪያ ቅናሹ ራሱ ምን እንደሆነ እንወቅ። ዋጋው በ40 በመቶ የተቀነሰ ዕቃ ስትገዙ 60 በመቶውን ከፍላችኋል። ዕቃው የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ባትገዙት 100 በመቶው ኪሳችሁ ውስጥ ይቀር ነበር። «2 ለሚገዛ 1 በነፃ» የሚለውም ያው ነው። 3 የሚያስፈልገው ሰው ሲሶውን አተረፈ። 1 ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ግን እጥፍ ከፈለ። 1000 ከማለት 999 የሚጻፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከግራ ጀምረን ስለምናነብ መጀመሪያ የምናየው ቁጥር ያታልለናል፤ ዋጋው ከእውነቱ ዝቅ ያለ ይመስለናል። የተሰረዘውን የድሮ ዋጋ ከአዲሱ ጎን የሚያስቀምጡትም እንድናወዳድር ነው። እኛም እናወዳድራለን፤ ያስፈልገናል ወይ ብለን ግን አንጠይቅም።

ነጋዴውን አልወቅስም። ሥራውን ነው የሚሠራው። የግሮሰሪ መደብሮች ባለቤት የነበረው ሲልቫን ጎልድማን እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ሲቲ የገበያ ጋሪን ያስተዋወቀው፣ ሰዎች የያዙት ቅርጫት ሲሞላና ሲከብድ መግዛት እንደሚያቆሙ አስተውሎ ነው። ሻጩ ይህን ያህል አስቦበታል። እኛ ግን የምንገዛውን በወረቀት እንኳን ጽፈን ከቤት አንወጣም።

ለሚያውቅበት ሰው ግን ቅናሽ እውነተኛ ትርፍ አለው። ዋጋ የሚወርደው ምክንያት ሲኖር ነው። ወቅቱ ያለፈ ልብስ፣ አዲስ ሞዴል የመጣበት ዕቃ፣ ካርቶኑ የተቀደደ፣ መደርደሪያ ያጣበበ። ጆን ዋናሜከር የተባለው ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1878 ፊላደልፊያ ውስጥ የአንሶላና የጨርቃ ጨርቅ ቅናሽ ሲጀምር የመረጠው የጥርን ወር ነው፤ ከበዓል በኋላ ገበያው ይቀዘቅዛልና። እኛ ደግሞ የምንሸምተው ሁሉም ሰው በሚሸምትበት ሰሞን፣ ዋጋው ጣራ ሲነካ ነው። ብርዱ ሲያበቃ የሚገዛ ሹራብ ለሚቀጥለው ብርድ ይደርሳል። ለልጅ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ መግዛት ነው። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከወር በኋላ የሚገዛ ደብተርም ለሚቀጥለው ዓመት አይበላሽም። በዚህ መንገድ ለራሱ ልጅ የሚገዛ ቤተሰብ ባሰበው ገንዘብ የሌላ ሰው ልጅም ያለብሳል።

ትልቁ ማሸጊያ ሁልጊዜ ይረክሳል ብላችሁ አትመኑ። ዋጋውን ለኪሎው ወይም ለሊትሩ አካፍሉት። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ። በጅምላ መግዛት የሚያዋጣ ከሆነ ከጎረቤት ወይም ከእህት ከወንድም ጋር ተካፈሉ እንጂ ብቻችሁን አታጭቁት። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ 60 በመቶው የባከነው በየሰዉ ቤት ነው። በርካሽ አግኝተን ከሚያስፈልገን በላይ ገዝተን የጣልነውም እዚያ ውስጥ አለበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልዩነቱን በዚያው ቀን ለዩት። ነገ ሳይሆን ዛሬ። ለዕቃው አስባችሁ ከያዛችሁት ላይ የተረፈውን ቤት እንደገባችሁ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። የምትከፍሉት በስልክ ከሆነ ወደ ሌላ ሂሳብ አዛውሩት። ፖስታው ላይ የሚጻፈው ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ይሁን። «ለበጎ አድራጎት» ተብሎ የተጻፈበት ፖስታ በመጀመሪያው ችግር ይከፈታል። የምታውቁት ልጅ ስምና «ጫማ» የሚል ቃል የተጻፈበትን ፖስታ ለመክፈት ግን እጅ ይከብዳል። ልጆች ካሏችሁ የኪሎውን ሂሳብ እነሱ ይሥሩት፤ የተረፈውንም እነሱ ይክተቱት። የማን ፖስታ እንደሚቀድምም አብረው ይወስኑ። ቤተሰብ ለጋስ የሚሆነው እንዲህ ነው። አባት ብቻውን ወይም እናት ብቻዋን ስትሰጥ የቀረው ቤተሰብ ነገሩን የሚያውቀው ገንዘብ ሲያጥር ብቻ ነው።

«ይቺ ምን ታደርጋለች?» አትበሉ። ኤልዛቤት ደን፣ ላራ አክኒንና ማይክል ኖርተን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለሰዎች ጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ሰጧቸው። ገሚሶቹ ለራሳቸው፣ ገሚሶቹ ለሌላ ሰው እንዲያውሉት ነገሯቸው። ማታ ሲጠይቋቸው ደስታቸው የጨመረው ለሌላ ያዋሉት ነበሩ። 5 ይሁን 20 ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ «ትልቅ ገንዘብ ሲኖረኝ እሰጣለሁ» የሚለውን ሰበብ እንተወው። ሰጪም ተቀባይም የሚጎዳው በመጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ጠንክረን የምንከራከረው ከማን ጋር እንደሆነ አስተውላችኋል? ትልቅ መደብር ገብተን የተለጠፈውን ዋጋ ቃል ሳንተነፍስ እንከፍላለን። መንገድ ዳር ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባት የምትሸጥ እናት ጋ ስንደርስ ግን ጉልበታችን ይመጣል። ለጥቂት ሳንቲም ሩብ ሰዓት እንቆማለን። ጥለን የምንሄድ መስለን ሁለት እርምጃ እንራመዳለን፤ ቀኑ ሊመሽባት ስለሆነ ትጠራናለች። እንደምትጠራንም እናውቃለን። በከሰረችበት ዋጋ ወስደን «ጎበዝ ነኝ» እንላለን። ወገኖቼ፣ እባካችሁ! እንዲህ ያስቀነስነውን ወስደን ለሌላ ድሃ ብንሰጥ ልግስና አይባልም። ከአንዱ ችግረኛ ወስዶ ለሌላው ማቀበል ነው። የምንመሰገነው እኛ፣ የከፈለችው እሷ። ጥያቄዋ ከመጠን ያለፈ ካልሆነ የጠየቀችውን ስጧት። ለእሷ ሙሉ ዋጋ መክፈል ራሱ ከስጦታው ይቆጠራል፤ እንደውም አንገቷን ሳታስደፉ የምትሰጧት ስጦታ ነው። ክርክራችሁን አቅም ላለው ጠብቁት። የቤት ዕቃ ስትገዙ ተከራከሩ። የኢንተርኔትና የኢንሹራንስ ውል ስታድሱ «ሌላ ቦታ ይሄን ያህል ነው» በሉ። እዚያ ላይ የሚተርፈው ከብዙ የመንገድ ዳር ክርክር ይበልጣል፣ የሚራብበትም ሰው የለም።

ሌላው ደግሞ የምንሰጠው ነገር ነው። ዋጋው መርከሱ አይጎዳም፤ ዕቃው መርከሱ ነው የሚጎዳው። ሁለቴ ታጥቦ የሚተረተር ልብስ፣ ወር የማይሞላው ጫማ ገዝተን ለተቸገረ ሰው እንሰጣለን። የተቸገረ ሰው እኮ መለወጫ የለውም። እኛ ቢበላሽብን ሌላ እንገዛለን፤ እሱ የተበላሸውን ይዞ ይኖራል። ለራሳችሁ ልጅ የማትገዙትን ለሰው ልጅ አትግዙ። ምግብ ላይ ደግሞ ቀኑን አንብቡ። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጥራቱ ነው የሚያወራው፤ በደንብ የተቀመጠ ከሆነ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ አይመርዝም። «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ቀኑ ሊያልፍ አንድ ሌሊት የቀረውን ገዝታችሁ የተራበ ሰው ቤት አታድርሱ።

ለመስጠት ብሎ መስጠት ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል የታየበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ካደረሰው ጥፋት በኋላ ወደ ኢንዶኔዥያዋ አቼ ወደ 4000 ቶን የሚጠጋ መድኃኒት ተላከ። ብዙው ለዚያ ቦታ የማይፈለግ ነበር። 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ላይ የተጻፈው የአገሬው ሰው በማያነበው ቋንቋ ነበር። ቀኑ ያለፈበትና ሊያልፍ የተቃረበም ብዙ ነበር። በሐዘን ላይ ያለ ሕዝብ ያንን መለየትና ማስወገድ ተጨመረበት። ላኪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አልጠየቁም፣ በቃ።

በየቤታችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆኤል ዋልድፎጌል እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎችን ስለተቀበሉት የበዓል ስጦታ ጠይቆ ከስጦታው ዋጋ ከ10 በመቶ እስከ ሲሶ የሚደርሰው እንደሚባክን ገምቷል። ተቀባዮቹ ራሳቸው ቢገዙት ኖሮ ያን ያህል አይከፍሉበትም ነበር። በቅናሽ ያዳንነውን ገንዘብ መልሰን እንዲህ ማባከን ምን ይሉታል?

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ። «ምን ጎደለ?» በሉ። የእግሩን ቁጥር፣ የቁመቷን ልክ ጠይቁ። ገንዘቡ ይሻለኛል ካሏችሁ ገንዘቡን ስጡ፤ ኑሯቸውን ከእናንተ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በቅናሽ የተሸጠ ዕቃ ይለወጥ እንደሆነ ሻጩን ቀድማችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ቦታ አይለወጥም። ስታስረክቡ የዋጋውን ወረቀት ቁረጡት፣ «በርካሽ አግኝቼው ነው» የሚለውንም ተዉት። ደረሰኙ እናንተ ጋ ይቀመጥ። ልኩ አልሆን ካለ ሄዳችሁ የምትቀይሩት እናንተ ናችሁ።